ያልተቈጠረ ደዌ፤ ሶርያሲስ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ስለ ቆዳ ደዌ የተነሣ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ በሰው አፍ የሚመጣው እከክ ነው፤ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደላማ ቀበሌ ደግሞ ፊት የሚያበላሸው ቁንጭር ይከተላል፤ ከዚያም ቍጥሩ በመድኃኒት ኀይል እየመነመነ ቢሄድም አስፈሪነቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው የሥጋ ደዌ ይጠቀሳል። እነዚህ ሦስቱ በጤና መዝገብ የየራሳቸው ስፍራ ተሰጥቷቸው፣ ዘመቻም ወጥቶላቸው፣ መጠናቸው ወደ ዞንና ወደ ክልል ይላካል። በዚያው ሕዝብ አካል ላይ የሚኖር፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ በቶሎ የማይገድል፣ ነገር ግን የያዘውን ሰው እየተወና እየተመለሰ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚከተል አንድ ሌላ ደዌ ግን አለ፤ ሐኪሞች ሶርያሲስ ይሉታል። ይህ ደዌ በሕዝባችን መካከል ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል፣ መጠኑስ እስከ ዛሬ ተቈጥሮ ያልታወቀው ስለ ምን እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ሐተታ ዓላማ ነው።

ሶርያሲስ ከቆሻሻ፣ ከምች ወይም ከእርግማን የሚመጣ አይደለም። ጥንተ ነገሩ በዘር ከሚወረስ ዝንባሌና ሰውነታችንን ከደዌ እንዲጠብቅ ከተሰጠን የተፈጥሮ ኀይል መታወክ ነው። በጤናማ ሰው ዘንድ የቆዳ ሕዋስ ከታች ተወልዶ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ደርቆ እስኪረግፍ ድረስ አንድ ወር ያህል ይፈጃል፤ ደዌው በያዘው ስፍራ ግን ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚፈጸም፣ ገና ያልበሰለው ቆዳ በላይ በላዩ እየተደራረበ ይወፍርና ዳር ድንበሩ የታወቀ፣ በላዩም የብር መልክ ያለው ቅርፊት የለበሰ ምልክት ይሆናል። የሚያዘወትረው ስፍራ ክርን፣ ጕልበት፣ የራስ ቆዳና የወገብ ታችኛው ክፍል ነው። የሠለጠነ ሐኪም ቅርፊቱን ቀስ አድርጎ ሲፍቀው እንደ ሻማ ፍቅፋቂ እየተነሣ ይረግፋል፤ የመጨረሻው ስስ ሽፋን በተላጠም ጊዜ ከሥሩ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የደም ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። ጥፍርን በደንብ ለሚመለከትም ጥቃቅን ጕድጓዶች ይታዩታል። ከሕመምተኞቹም መካከል እስከ ሲሶ የሚደርሱት መገጣጠሚያቸውን ይታመማሉ፤ ይህም በአገራችን ቁርጥማት ተብሎ ለብቻው ይታያል እንጂ ከቆዳው ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው።

መጠኑን ለማወቅ በዓለም ላይ ብዙ ተደክሟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ስለዚሁ ደዌ ባሳተመው ዘገባ ውስጥ የሰበሰባቸው የየአገሩ ጥናቶች እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ዝቅተኛው ከመቶ ሰው 0.09 ሆኖ ከታንዛኒያ የመጣ ሲሆን፣ ከፍተኛው ከመቶ 11.43 ሆኖ ከኖርዌይ የመጣ ነው። ይህን ያየ ሰው ፈጥኖ በመፍረድ፣ ሶርያሲስ የብርድ አገር ሰዎች ደዌ ነው፣ እኛን አይመለከትም ሊል ይችላል። እኔ ግን ይህ ፍርድ የሚያሳስት ነው እላለሁ። የዘር ልዩነት ድርሻ እንዳለው አይካድም፤ በሩቅ ምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ደዌው ከአውሮፓ ይልቅ ጥቂት መሆኑ በብዙ ጥናት ታውቋል፤ ከአፍሪካም ውስጥ የምሥራቁ ክፍል ከምዕራቡ ይልቅ ሶርያሲስ እንደሚበዛበት የቆዳ ሐኪሞች ከቀድሞ ጀምረው አስተውለዋል፤ እኛም የምሥራቁ ወገን ነን። ነገር ግን ቍጥሩ እንዴት ተጠይቆ እንደ ተገኘ ሳይመረመር ዳኝነት መስጠት አይገባም። በኖርዌይ ሰሜናዊ ከተማ በትሮምሶ ሕዝቡ በዕድሜ ዘመኑ ይህ ደዌ አግኝቶት እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከመቶ 4.8 የነበረው እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ከመቶ 11.4 ሆነ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአንድ ከተማ ሕዝብ ዘር አይለወጥም፤ ኑሮው፣ የሐኪሙ ቅርበት፣ ሰውም ደዌውን በስሙ ማወቁ ነው ሊለወጥ የሚችለው። በአንጻሩ አንድ ሐኪም በገጠር መንደር አንድ ሺህ ሰው መርምሮ አንድ ሕመምተኛ ቢያገኝ ከመቶ 0.1 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ሕመምተኛ በዚያ ቀን ገበያ ወርዶ ባይሆን ኖሮ ግን ቍጥሩ እጥፍ በሆነ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ምርመራ፣ ከዓለም አገሮች ከመቶ 81 በሚሆኑት ዘንድ ስለ ሶርያሲስ መጠን ምንም መረጃ አለመኖሩን አስታውቋል። የእኛም አገር ነገር ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ በየሆስፒታሉ የቆዳ ክፍል የሚመዘገበው ከደጁ የደረሰው ሰው ቍጥር ነው፤ ከስማዳ ቆላ ተነሥቶ ለመድረስ እግሩ ወይም ገንዘቡ ያልፈቀደለት በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ባለን ነገር እናስላ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ እነዚህ ወረዳዎች የሚገኙበት የደቡብ ጎንደር ዞን ሕዝብ 2,051,738 ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ሊደረግ የታሰበው አራተኛው ቈጠራ እየተላለፈ ስለ ቀረ፣ የሕዝቡ ቍጥር እጅግ እንደ ጨመረ እያወቅን እንኳ መነሻችን ይኸው ነው። በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ዝቅተኛውን የታንዛኒያውን ልክ ብንወስድ፣ በዚህ አንድ ዞን ብቻ ከ1,800 የሚበልጡ ሕመምተኞች ይኖራሉ፤ ከመቶ አንድ ብንል ከ20,000 ይበልጣሉ። ላይ ጋይንትና ስማዳ በዚያው ቈጠራ እያንዳንዳቸው ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸውና፣ ከመቶ ግማሽ ብቻ ቢሆን እንኳ በእያንዳንዳቸው ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በዚህ ደዌ ይኖራል ማለት ነው። ከሥጋ ደዌ ጋር ሲተያይ ነገሩ ይልቁን ይገለጣል። የሥጋ ደዌ ከሕዝብ ጤና ችግርነት ወጥቷል የሚባለው የተመዘገበው ሕመምተኛ ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ሲሆን ነው፤ ኢትዮጵያም እንደ አገር ከዚህ ልክ ደርሳለች፤ የሶርያሲስ የመጨረሻ ዝቅተኛ ግምት ግን ከ10,000 ሰው 9 ነው። የሥጋ ደዌን ለመዋጋት በ1926 ዓ.ም. የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ተመሠረተ፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው ማዕከል፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከተለ። ይህ ሁሉ ድካም የተገባ ነበር፤ ፍሬውም ታይቷል። ከዚያ ደዌ ይልቅ የሚበዛው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ቈጣሪ አላገኘም።

እነዚህ ሰዎች ታዲያ ወዴት አሉ ብሎ የሚጠይቅ፣ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ቢፈልጋቸው ስማቸውን አያገኝም። በራሱ ላይ ብቻ የወጣበት ፎረፎር ነው ብሎ ይተወዋል፤ ካህንም ከሆነ ጥምጥሙ ይሸፍነዋል። በእጁ መዳፍ የወጣበት ገበሬ እርፍ የበላኝ ነው ይላል። በክርኑና በጕልበቱ የወጣበት ጭርት ወይም ችፌ ብሎ በየገበያው ከሚሸጠው ቅባት ይገዛል፤ እንዶድ ወይም ሬት ያስቀባል፤ ይህ ሁሉ ሳይሆንለት ሲቀር በጋለ ብረት ያስተኵሳል። የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሶርያሲስ ሕመምተኛ ቆዳ በተቃጠለበት፣ በተፋቀበትና በቈሰለበት ስፍራ ደዌው አዲስ ሆኖ ይበቅላልና፣ አንድ የነበረው ምልክት ከትኵሳቱ በኋላ ብዙ ሊሆን ይችላል። ልጅ ጕሮሮውን ታምሞ በተነሣ በሁለትና በሦስት ሳምንት መላ አካሉ ጠብታ በሚያህል ቅርፊት ሲሸፈን ደግሞ፣ ቤተ ሰቡ ኵፍኝ ነው ወይም ዐይነ ጥላ ነው ይላል እንጂ፣ ያለፈው የጕሮሮ ሕመም የቀሰቀሰው የሶርያሲስ ዐይነት መሆኑን የሚነግረው የለም።

ከእነዚህም ብዙዎቹ በጠበል ቦታ ይገኛሉ፤ ይህን ስል ምእመናንን ለመንቀፍ አይደለም። ጋይንት የቅድስት ቤተልሔምና የዙር አምባ አገር ነው፤ የድጓው ምስክር ከቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ከዙር አምባ ካልሆነ ሊቃውንቱ ሙሉ አድርገው የማይቈጥሩት፣ ከመላ ኢትዮጵያ ደቀ መዛሙርት ሲጎርፉበት የኖረ አገር ነው። በእንዲህ ያለ አገር ሕመምተኛው አስቀድሞ ወደ ጠበል ቢሄድ አያስደንቅም፤ ሐኪሙም ከመቃወም ይልቅ በዚያው ሄዶ ቢያገኘው ይሻላል። ይልቁንም የኦሪት ዘሌዋውያንን ዐሥራ ሦስተኛ ምዕራፍ የሚተረጕሙ የኔታዎች ከማንም በላይ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ የለምጽ ሕግ ምልክቱ ባልለየለት ጊዜ ካህኑን አይቶ ወዲያው እንዲፈርድ አላዘዘውም፤ የተጠረጠረውን ሰው ሰባት ቀን ለይቶ እንዲያቈየው፣ ዳግመኛ እንዲያየው፣ ምልክቱ ጠለቅ ያለ ወይም ላይ ላዩን የሆነ እንደ ሆነ እንዲመረምር፣ ደዌው ያ ካልሆነም ንጹሕ ነው ብሎ እንዲያሰናብተው ነው ያዘዘው። በዚህ ሕግ መሠረት እንኳ ስለ ቆዳ ሳይመረምሩ መፍረድ ኀጢአት ነው። የአውሮፓ ሰዎች ይህን ሳያስተውሉ ቀርተው የሶርያሲስ ሕመምተኞችን በመካከለኛው ዘመን ከለምጻሞች ጋር ሲያገልሉ ኖረዋል፤ ሁለቱ ደዌያት ፈጽመው የተለዩ መሆናቸውን የቪየናው የቆዳ ሐኪም ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ በግልጽ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። በእኛ አገር ግን ዛሬም ክርኗ ላይ ቅርፊት የወጣባት ልጃገረድ ከዘሯ ደዌ አለ ተብሎ እጮኛዋ ይቀራል፤ በድግስ ቤት ጎልማሳው በአንድ ገበታ እንዳይቀርብ ዐይን ይገፋዋል፤ እርሱም በቀትር ፀሐይ ጋቢውን እስከ አንገቱ ይከናነባል። የሚያሳዝነው ደግሞ በልኩ የተወሰደ የፀሐይ ብርሃን ለዚህ ደዌ ከሚበጁት ነገሮች አንዱ መሆኑ ነው፤ በታላላቅ ሆስፒታሎች በመሣሪያ የሚሰጠው የብርሃን ሕክምናም መሠረቱ ይኸው ነው። በሐፍረት የተሸፈነው ቆዳ በነጻ ከሚገኘው ፈውስ ተከለለ።

ስለ ቈጠራው ከሁሉ የሚያስቈጨኝን እዚህ ላይ ልናገር። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በጸናበት ጊዜ እከክ በአማራ ክልል እንደ ሰደድ ተዛምቶ ነበር፤ በ68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ታይቶ ወደ 379 ሺህ የሚሆነው እከክ እንዳለበት ተረጋገጠ። ይህ በቆዳ ሕክምና ታሪክ እጅግ ትልቅ ከሆኑት ፍተሻዎች አንዱ ነው። የባለሙያ ዐይን የሚሊዮን ሰው ገላ አየ፤ የጠየቀው ግን ስለ አንድ ደዌ ብቻ ነበረ። ደበሎ ለብሶ በጎጆ ተፋፍጎ የሚያድረው የቆሎ ተማሪ እከክ ሲይዘው አይቨርሜክቲን ወይም የሚቀባ መድኃኒት ይሰጠውና ይድናል፤ ከመካከላቸው ያልዳነው፣ ከዘመቻው በኋላም በጕልበቱ ላይ ያው ቅርፊት የቀረበት ተማሪ ምን ሆኖ እንደ ሆነ የሚመዘገብበት ስፍራ ግን አልተዘጋጀም። በዚያ ወረቀት ላይ አንድ ዐምድ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ሌላ በጀትና ሌላ መኪና ሳያስፈልግ የክልሉን የሶርያሲስ መጠን ዛሬ ባወቅነው ነበር።

ለመለየትም ያን ያህል ከባድ ነገር አይጠይቅም። እከክ ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከል የሚገኝ፣ ከአንድ ሰው ጀምሮ ቤተ ሰቡን ሁሉ የሚያዳርስ ነው። ቁንጭር አሸዋ ዝንብ ከነደፈው ግልጽ ስፍራ፣ ይልቁንም ከፊት ላይ ይወጣል፤ ሶርያሲስ ብዙውን ጊዜ ፊትን ይተዋል። የሥጋ ደዌን ለመለየት ደግሞ ቁራጭ ጥጥ ይበቃል፤ የታማሚውን ዐይን ጨፍኖ፣ የጥጡን ጫፍ አሹሎ ምልክቱን ዳሰስ ሲያደርጉት ካልተሰማው የሥጋ ደዌ ይጠረጠራል፤ ከተሰማውና እዚህ ላይ ነው ብሎ በጣቱ ካመለከተ ሌላ ነገር ይፈለጋል። ይህን የጥጥ ምርመራ የወረዳ ጤና ሠራተኞች ከቀድሞ ጀምረው ያውቁታል። የሚያስፈልገው አንድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከውጭ አገር በመጡት መጻሕፍት ላይ ሶርያሲስ ቀይ ሆኖ ይሣላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ጠቈረ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል፤ ሲድንም ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ጠባሳ መሳይ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ቀዩን ብቻ የተማረ ዐይን ጥቁሩን ያልፈዋል፤ የቍጥራችን ማነስ አንዱ ምክንያትም ይኸው መሆኑን አልጠራጠርም።

የቍጥር መጥፋት የጸሐፊ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የመድኃኒት ጥያቄ የሚዘጋጀው በዘገባ ነው፤ ሌላ የቆዳ ሕመም ተብሎ በጅምላ ለተጻፈ ነገር ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ቅባት፣ ቤታሜታዞን፣ ወይም ለከባዱ ዐይነት የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት አይላክለትም። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ፣ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ የማይሰጥ፣ የደምና የጉበት ምርመራ የሚጠይቅ መድኃኒት ስለ ሆነ በሐኪም እጅ ካልሆነ አደጋ አለው። ቅባቱ በሌለበት ግን ሰው ያገኘውን ይወስዳል፤ በየመድኃኒት መደብሩ የዴክሳሜታዞን ወይም የፕሬድኒሶሎን ክኒን ይገዛል። በሳምንት ውስጥ ገላው ይጠራል፤ ክኒኑን ባቆመ ጊዜ ደዌው ከፊተኛው ብሶ ይመለሳል፤ አንዳንዱንም መላ ገላው መግል በቋጠረ ሽፍታ ተሸፍኖ ሕይወቱን ለሚያሠጋ ሕመም ይዳርገዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ ከደረሰ በኋላ፣ ከዚያም ወዲህ በክልሉ በደረሰው የጸጥታ መታወክ፣ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ ሐዘንና ጭንቀትም ራሳቸው ይህን ደዌ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ይቈጠራሉ።

የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2006 ዓ.ም. በ67ኛው ስብሰባው ሶርያሲስ የማይተላለፍ፣ ሥር የሰደደ፣ የሚያሠቃይና ለማይገባ መገለል የሚዳርግ ደዌ መሆኑን አውቆ፣ አባል መንግሥታት ሁሉ እንዲያስቡበት ውሳኔ አሳልፏል፤ ኢትዮጵያም የጉባኤው አባል ናት። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የተዘነጉ የቆዳ በሽታዎች በአንድነት እንዲፈለጉና እንዲታከሙ መርሐ ግብር አውጥቷል። ሶርያሲስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ባይገባም፣ ለእከክ፣ ለቁንጭርና ለሥጋ ደዌ የሠለጠነው ዐይን እርሱንም ሊያይ ይችላል።

ስለዚህ የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ወደ ፊት በሚያወጣው የእከክ ወይም የሥጋ ደዌ አሰሳ ቅጽ ላይ ስለ ሶርያሲስ አንድ ዐምድ እንዲጨምር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም በጥቁር ቆዳ ላይ የተነሡ ሥዕሎችን እያሳየ እንዲያሠለጥን፣ ቈጣሪዎቹም ከየቤቱ ሌላ ወደ ጠበል ቦታውና ወደ አብነት ትምህርት ቤቱ በአባቶች ፈቃድ እንዲገቡ አጥብቄ እለምናለሁ። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ በክርናችሁና በጕልበታችሁ እንዲህ ያለ ቅርፊት ካለባችሁ አታስተኵሱት፣ አትፋቁት፤ በቫዝሊን አለስልሱት፤ ልጆቻችሁን በማቀፍ፣ በአንድ ገበታ በመቅረብ ለማንም አይተላለፍምና አትሸሸጉ፤ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የጤና ተቋም ሂዱና ሶርያሲስ እንደ ሆነ መርምሩልኝ ብላችሁ በስሙ ጠይቁ፤ ከሆነም በዚያው ስም በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ።